ጥላቻ የሚያፋፋት ወይዘሪት ፍቅር ሲይዛት

ጥያቄ፦ «የ12 ክፍል አኒሜሽን ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። ፋንታሲና ፍቅር የተቀላቀለበት ነው። ዋናዋ ገጸ ባህሪ የመስፍን ልጅ ናት። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ይጠላታል። ምስጢሯ ግን ሰዎች በጠሏት ቁጥር አስማቷ ይበረታል፤ ሲያመሰግኗት ይደክማል። ስለዚህ ሆን ብላ ነገር እየፈለገች ትኖራለች። ክፍል 6 ላይ ቀንደኛ ጠላቷ የነበረው ልዑል ይወዳታል። የእሷም ልብ ይሸፍታል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሞተብኝ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ እስከ ግማሹ ይስቃሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ያነሳሉ። ፍቅሩን ላውጣው ወይስ ክፋቷን ላለዝበው? እርስዎ ብዙ ስክሪፕት ስለሚያዩ ቢመክሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ፍቅሩ ከወጣ የሚቀርሽ የስድብ ክምር ነው። ክፋቷ ከለዘበ ደግሞ ጨዋ ልጅ ትሆንብሻለች፤ ጨዋ ልጅ በየስክሪፕቱ ሞልታለች። ክፍል 6 ላይ የታየሽ ሕመም እዚያ አልጀመረም። የጀመረው ክፍል 1 ላይ የአስማቷን ሕግ ስትጽፊ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ የዘር ሐረግ ትንሽ ላውራ። መፍትሔው ግማሹ እዚያ ነው ያለው።

ጃፓኖች ይህችን ገጸ ባህሪ «አኩያኩ ሬይጆ» ይሏታል። «ሬይጆ» የትልቅ ቤት ልጅ፣ ወይዘሪት ማለት ነው። «አኩያኩ» ግን እንዲሁ «ክፉ» ማለት አይደለም። በድራማ ውስጥ ያለ የክፉ ሰው ሚና ማለት ነው። ክፉ ሰው መድረክ ላይም ቤቱም ክፉ ነው። የክፉ ሚና የደረሳት ልጅ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ሌላ ሰው ናት። ቤተ መንግሥቱ የሚጠላው ሚናዋን ነው። ተመልካቹ የሚወደው እሷን ነው። ዘውጉ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ክፍተት ነው።

መልኳ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወጡ የልጃገረዶች ማንጋዎች (የጃፓን የሥዕል ታሪኮች) ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ጸጉር ያላቸው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው የሚሄዱ የሀብታም ልጆች ነበሩ። በ1973 የጀመረ አንድ የቴኒስ ማንጋ ላይ ያለችውን ሬይካ ሪዩዛኪን ብታያት ወዲያው ታውቂያታለሽ። በ1994 ደግሞ ኮኤይ የተባለው ኩባንያ ለሴት ተጫዋቾች የተሠራ የፍቅር ቪዲዮ ጌም አወጣ። «አንጀሊክ» ይባላል፤ የዓይነቱ መጀመሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ሮዛሊያ የምትባል ተቀናቃኝ አለች። ኩራቷ ሰማይ ይነካል። ክፉ ግን አይደለችም። ይሄ ሁሌም ያስቀኛል። የዛሬዎቹ ታሪኮች «ጌም ውስጥ ክፉዋ ሆኜ ተወለድኩ» እያሉ ይጀምራሉ። በእውነተኞቹ ጌሞች ውስጥ ግን እንደዚያ ዓይነት ጨካኝ ወይዘሪት ብዙም አትገኝም። እናሾፍባታለን ያሉት ደራሲዎች ናቸው የፈጠሯት።

ያደገችው በኢንተርኔት ልብወለድ ነው። በ2004 ማንም ሰው ጽፎ የሚለጥፍበት አንድ የጃፓን ድረ ገጽ ተከፈተ። ስሙ «ደራሲ እንሁን» እንደማለት ነው። በ2014 እዚያ የጀመረ አንድ ታሪክ በ2020 አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን ሆነ። ብዙ ተመልካች ከዘውጉ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። ጀግናዋ ካታሪና ክላይስ በ8 ዓመቷ ጭንቅላቷን ትመታና የቀድሞ ሕይወቷ ትዝ ይላታል። አሁን የምትኖረው ያኔ ትጫወተው በነበረ ጌም ውስጥ ነው፤ ክፉዋም ራሷ ናት። መጨረሻዋ ወይ ስደት ወይ ሞት ነው። ታዲያ ምን ታደርጋለች? እርሻ ትለማመዳለች። ከተሰደድኩ አርሼ እበላለሁ ብላ።

ልብ በይ። ካታሪናም ሆነች ከእሷ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ከጥላቻ ይሸሻሉ። ያንቺ ልጅ ወደ ጥላቻው ትሮጣለች። ጥሩ ነገር ይዘሻል፤ ማንም አይቀማሽ።

አሁን ወደ ሕጉ። «ሲጠሏት ትበረታለች፣ ሲያመሰግኗት ትደክማለች» ብለሻል። በዚህ ሕግ ፍቅር የመጨረሻው ትልቅ ምስጋና ነው። ስለዚህ ልዑሉ በወደዳት ቅጽበት ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ በኋላ ያለሽ ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ደካማ ሆና ስድስት ክፍል ሙሉ ታለቅሳለች፤ አሁን የጻፍሽው እንደዚህ ይመስለኛል። ወይ ደግሞ «ፍቅር ከጥላቻ ይበልጣል» ብለሽ ነዳጁን ትቀይሪያለሽ። ሁለተኛውን መንገድ ፒክሳር የተባለው የአኒሜሽን ኩባንያ በ2001 ባወጣው ፊልም ሄዶበታል። የጭራቆቹ ከተማ መብራት የሚያገኘው ከሕፃናት ጩኸት ነበር። መጨረሻ ላይ ሳቅ ከጩኸት አሥር እጥፍ ኃይል እንዳለው ይታወቃል። እዚያ በጣም ያምራል፤ ምክንያቱም ታሪኩ ስለ ፋብሪካ ነው። ያንቺ ታሪክ ስለ አንዲት ሴት ነው። ነዳጅ የቀየረች ሴት ሌላ ሴት ናት። ተመልካቹ የወደዳትን ወስደሽ በምትኳ ሌላ ታመጪበታለሽ።

ሕጉን አንድ ቦታ ብቻ ቀይሪው። የሚያደክማት ምስጋና አይሁን። ችላ መባል ይሁን።

ማሌፊሰንትን አስቢያት፣ በ1959ኙ የዲዝኒ ፊልም ውስጥ ያለችውን ክፉ ጠንቋይ። ለምንድነው ሕፃኗን ልዕልት የረገመቻት? ሳትጋበዝ ስለቀረች ነው። እንደዚህ ዓይነት ሴት ብትረግሚያት ትስቃለች። ብትሰድቢያት ማራገቢያዋን ትከፍታለች። ስሟን ከግብዣው ዝርዝር ውስጥ ብትረሺው ግን ቤቱ ይናጋል። ያንቺም ልጅ እንደዚያ ትሁን። ሰው ከቁብ ካልቆጠራት ጣቶቿ ይቀዝቅዙ፤ ድምጿ ይስለል፤ ጥላዋ ይሳሳ። የታሪኩ እውነተኛ ጠላት ደግሞ ይህን የተረዳ ሰው ይሆናል። ደጋግ ፊት ያለው፣ ለስላሳ፣ «እሷን ተዋት፣ ምንም አይደለችም» የሚል ሰው። ሰይፍ የሚመዝ አይሁን። ኮሪደር ላይ አጠገቧ አልፎ ሄዶ ሰላም የማይላት ይሁን። እኔን ከሰይፉ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራኛል።

እንዲህ ካደረግሽ ፍቅር ሞተሩን አይገድለውም። የሚወዳት ሰው ችላ አይላትም። ግን ቀላልም አይሆንም፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ሥራ አለብሽ። ጥላቻሽን ዘርዝሪው።

በስክሪፕትሽ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚጠላት። በእውነት እንደዚያ የለም። ሎሌው ይፈራታል። የአክስቷ ልጅ ትቀናባታለች። ንግሥቲቱ ትንቃታለች። ሽማግሌው አማካሪ የአባቷን ቂም በእሷ ይወጣል። ልዑሉ ይናደድባታል። እነዚህ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በእሷም ላይ አምስት የተለያየ ነገር ማድረግ አለባቸው። ፍርሃት ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፤ ለአንድ ምሽት አስማት ይበቃል። ቅናት ጣፋጭ ነው፤ ግን ያሰክራል፣ ስህተት ያሠራል። ቂም የቆየ ነው፤ በቀስታ ይነድዳል፣ ለረጅም ጉዞ ይሆናል። ንቀት ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ ለችላ መባል ቅርብ ነውና። ቁጣ ግን ሌላ ነው። ቁጣ ውስጥ ሙሉ ሰው አለ። የሚቆጣሽ ሰው ዓይኑን ከአንቺ ላይ አይነቅልም። ምን እንደለበስሽ፣ ምን እንዳልሽ፣ ትናንት የት እንደነበርሽ ያውቃል። ቁጣ ከፍቅር ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ለልዑልሽ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ስለ ልዑሉ አንድ ጥናት ልንገርሽ። በ1965 ኤሊየት አሮንሰንና ዳርዊን ሊንደር የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች 80 ሴት ተማሪዎችን ይዘው ሙከራ ሠሩ። እያንዳንዷ ተማሪ አንዲት ሌላ ሴት ስለ እሷ የምትለውን ለሰባት ጊዜ «በአጋጣሚ» እንድትሰማ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ወሬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምስጋና ነበር። ለአንዳንዶቹ እስከ መጨረሻ ነቀፋ። ለሌሎቹ በነቀፋ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ምስጋና ዞረ። ተማሪዎቹ ከሁሉ የወደዱት ይህችን የመጨረሻዋን ነበር፤ ከጅምሩ ካመሰገነችው በላይ። በምስጋና ጀምራ ወደ ነቀፋ የዞረችው ደግሞ ከሁሉ አነሰች።

ጠላት የነበሩ ሰዎች ሲዋደዱ ማየት ለምን እንደሚጥመን ይሄ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። የሚጣፍጠው መውጣቱ ነው፤ ጫፍ ላይ መቆሙ አይደለም። አንቺ ደግሞ ልዑሉን ክፍል 6 ላይ በአንድ ዝላይ ጫፍ ላይ አስቀመጥሽው። ለቀሩት ስድስት ክፍሎች የሚወጣው ዳገት አልቀረም። ስልክ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ልዑሉ ውስጥ ከቁጣው ሌላ ፍርሃት፣ ንቀትና ቂምም ይኑር፤ ጥላቻው አንድ በአንድ ይውለቅ። ክፍል 3 ላይ መፍራቱን ይተው። ክፍል 5 ላይ ንቀቱ ይሂድ፤ አንድ ቦታ ብልህነቷን ያይና ሳይወድ በግዱ ይገረም። የቤተሰቡን ቂም እስከ ክፍል 9 ያቆየው። ቁጣውን ግን እስከ መጨረሻው አትንጠቂው። አሁንም በማትረባ ውሸቷ ይናደድባት፤ አሁንም ፊት ለፊት ይሟገታት። ደግሞ እያንዳንዱ ሲወልቅ እሷ አንድ ነገር ትጣ። ፍርሃቱ ሲሄድ በር የምትከፍትበት አስማት ይክዳት። እንዲህ ሲሆን ፍቅሩ ሒሳብ አለው። ተመልካቹም ይቆጥራል።

ክፍል 6 ላይ ታዲያ ምን ይሁን? እኔ ብሆን መናዘዙን አውጥቼ ይህን አስገባበታለሁ።

ልዑሉ የኃይሏን ምስጢር ደርሶበታል። ለማንም አልተናገረም። በበዓሉ ምሽት ያ ለስላሳ ሰውዬ ቤተ መንግሥቱን በሙሉ አሳድሞ ማንም እንዳያያት አድርጓል። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ግን ማንም ወደ እሷ አይዞርም። ጣቶቿ ነጭ እየሆኑ ነው። ልዑሉ ያያታል። ሰዎቹን ገፍቶ ይመጣና ሁሉም እየሰማ ይሰድባታል። ጥሩ ስድብ ነው፤ ስለ ልብሷ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ሳቋ። ሊያድናት ነው። እሷም ሙቀቱን ትጠብቃለች። ሁልጊዜ ሲሰድባት ከደረቷ ተነስቶ እስከ ጥፍሯ የሚወርድ ሙቀት አለ፤ ይህን አምስት ክፍል ሙሉ አሳይተሽናል። አሁን ግን ምንም የለም። ስድቡ ባዶ ነው። ማራገቢያዋ ከእጇ ሊወድቅ ይላል።

ስለ ፍቅር ምንም ቃል አልተነገረም። ግን ገብቷታል። እኛም ገብቶናል። እሱ ብቻ አልገባውም፤ የረዳት መስሎት እየጨመረ ይሰድባል። እየጨመረ በሄደ ቁጥር እሷ የባሰ ትቀዘቅዛለች፤ ፊቷ ግን ይቀላል። ይሄ ትዕይንት አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ክፍሎች ጥያቄ አገኙ፦ የሚወዳት ሰው በውሸት ሊያበረታት አይችልም፤ ታዲያ በምን ያበረታታል? በእውነተኛ ሙግት። ትክክል ባልሆነችበት ቦታ «ተሳስተሻል» በማለት። እዚያ ቁጣው እውነት ነውና ይሠራል።

ጽሑፉን ትቼ ስለ ሥዕሉ ጥቂት ልበል፤ አኒሜሽን መሆኑን አትርሺ። ያቺን ማራገቢያ እንደ ጌጥ አትያት። አነስተኛ በጀት ይዘሽ ስትሠሪ ወዳጅሽ ናት። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለ፤ በቴሌቪዥን አኒሜ አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለ3 ፍሬም ይያዛል፣ ማለትም በሰከንድ 8 ሥዕል። ንግግር ሲኖር አፉ ለብቻው ይሳላል። አፍ ከማራገቢያ ጀርባ ሲሆን ግን የሚሳል አፍ የለም። የተረፈውን ጉልበት ዓይኗ ላይ አውዪው። የተጠቀለለው ጸጉር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሲቆም ያምራል፤ ስትሮጥ ሥዕል ሠሪዎቹ ይረግሙሻል። ስለዚህ አታስሩጫት። እንደ እሷ ያለች ሴት ደግሞ ለምን ትሮጣለች?

ፊቷን በተመለከተ አንድ ነገር። የፊት ገጽታን ያጠኑት ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን በ1986 ንቀት ከሌሎች ስሜቶች የሚለይበትን ምልክት ጽፈዋል፤ የከንፈር አንዱ ጫፍ ብቻ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። ሥዕል ሠሪዎችሽን ክፍል 1 ላይ ሁልጊዜ ግራውን ጫፍ ብቻ እንዲያነሱ ንገሪያቸው። ከዚያ ክፍል 8 ገደማ፣ ማንም ሳያያት፣ ቀኝ ጫፉም ትንሽ ይነሳ። ፈገግታ ሆነ። ለአንድ ሰከንድ ይበቃል።

ንግግሩ ላይ አማርኛ ራሱ ያግዝሻል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከክፍል 6 በኋላ በሰምና ወርቅ ነው መነጋገር ያለባቸው፤ ሰሙ ስድብ፣ ወርቁ ሌላ። «ጠላት» የሚለውን ቃል እይው። በጽሑፍ አንድ ነው። «ላ»ን አጥብቀሽ ካነበብሽው «እሷን ጠላት» ነው፤ አላልተሽ ካነበብሽው ባላንጣ ነው። ሰላይዋ «ልዑሉ ጠላት» የሚል ባለ ሁለት ቃል ወረቀት ቢልክላት እንዴት ታነበዋለች? ደስ ብሏት አጥብቃ ታነበዋለች። ሰላዩ ሊያስጠነቅቃት ነበር። ከዚህ አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣል። ሌላም አለ፤ ልዑሉ «አሁንም ጠላትሽ ነኝ?» ሲላት «ጥላዬ ነህ» ብትለው። ከለላም ነው፣ የማይለቅ ተከታይም ነው። ግን አንዴ ብቻ ተጠቀሚበት። ሁለቴ ከሆነ ቃላት አሳማሪ ትሆኛለሽ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ፤ ባጭሩ። ጥላቻ ያበረታታል ማለትና መጎዳት ያስደስታል ማለት አይምታታብሽ። ልዑሉ እጁን እንዲያነሳባት ወይም ሊጎዳት ብሎ ሰው ፊት እንዲያዋርዳትና እሷ እንድትቀልጥ ካደረግሽ ዘውጉ ተቀየረ፤ እኔም ማንበቤን አቆማለሁ። ጠቡን የምትጀምረው እሷ ናት። የምታቆመውም እሷ መሆን አለባት።

አንድ ስክሪፕት ከጥቂት ዓመት በፊት አንብቤ ነበር። ያንቺን ይመስላል። ጀግናዋ ክፉ ትባላለች፤ ግን ያደረገችው ክፉ ነገር የለም። ሁሉም የጠሏት በስህተት ነበር። እስከ መጨረሻው አነበብኩትና አንድ ቀን ሳይቆይ ረሳሁት። ሁሉም ጥላቻ ስህተት ከሆነ ነዳጁ ነፃ ነው። ነፃ ነገር ደግሞ ድራማ የለውም። ያንቺም ስክሪፕት እዚህ ላይ ቀጭን ነው። ጥላቻ ለመሰብሰብ ስትል ስንት ዓመት ነገር ስትፈልግ ኖራለች፤ በዚህ ሁሉ መሃል በእውነት የተጎዳ ሰው የለም?

አንድ ሰው ስጭኝ። ክፍል 1 ላይ፣ የመጀመሪያው አዝናኝ ትዕይንት ውስጥ፣ ጀግናዋ ሁሉንም ስትሰድብ ሰሃን ይዛ የቆመች አንዲት አገልጋይ አለች። ያቺ ልጅ በዚያ ቀን በሐሰት «ሌባ» ተብላ ተባረረች፤ ለጀግናሽ ለአንድ ምሽት የሚሆን አስማት ለማግኘት። እኛ ስቀናል፤ አላየናትም። ክፍል 10 ላይ ትመለስ። ጥላቻዋ እውነት ነው፤ የሚገባም ነው። ጀግናሽ እስከ ዛሬ ቀምሳው የማታውቀው ኃይል ከዚያ ጥላቻ ይምጣላት፤ ከተማውን ሁሉ የሚያድን ኃይል። ይምረራት። ይቅርታ ከጠየቀች ኃይሉ ይጠፋል። ካልጠየቀች ልዑሉ አጠገቧ ቆሞ እያየ ነው፤ ቁጣው ደግሞ አሁንም አለ።

ምን እንደምትመርጥ እኔ አልነግርሽም፤ ስክሪፕቱ ያንቺ ነው። ወደ ክፍል 1 ተመለሺና ለዚያች አገልጋይ መጀመሪያ ስም አውጪላት። አሁን ባለው ረቂቅ ላይ «አገልጋይ 2» ብለሽ ነው የጻፍሻት።